ልማድ የሚቆምበት መሬት፦ የሥራ ስኬትና የራስ እድገት ጥያቄ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በአዲስ አበባ ዙሪያ ካሉት ከተሞች መካከል ከዋና ከተማዋ ጋር በየዕለቱ ሰው የሚለዋወጡ ናቸው። በጅማ መንገድ ላይ ያለችው ሰበታ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ በአምቦ መንገድ ላይ ያለችው ቡራዩ ከአስኮ ጋር ተያይዛ ለአዲስ አበባ ሠራተኛ ማደሪያ ሆናለች፤ በጎጃም መንገድ ከእንጦጦ ጀርባ የተዘረጋችው ሱሉልታ ደግሞ ድርቆሽና ወተት፣ የታሸገ ውኃና የረጅም ርቀት ሯጭ የሚወጣባት ደጋ ናት። ሦስቱም በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች አጎራባች ከተሞች ጋር በኦሮሚያ ክልል ሥር «ሸገር ከተማ» በተባለ አንድ አስተዳደር ተጠቃለዋል። በእነዚህ ከተሞች የሚኖር ወጣት ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ ለታክሲ ይሰለፋል፣ ወይም ወደ ፋብሪካ ፈረቃው ይገሰግሳል፣ ወይም ውርጭ በመታው ሜዳ ላይ ይሮጣል፤ ማታ ቤቱ ሲገባ ደግሞ በስልኩ ስለ ስኬት የሚሰጡ ንግግሮችን ያዳምጣል። ንግግሮቹ በአብዛኛው የሚሉት አንድ ነው፦ ማልደህ ተነሥ፣ ግብህን ጻፍ፣ ቆጥብ፣ አንብብ፣ ተስፋ አትቁረጥ። ይህ ዳሰሳ የሚመረምረው ይህን ምክር ነው፤ ምን ያህሉ በማስረጃ እንደሚደገፍ፣ በምን ሁኔታ እንደሚሠራ፣ ሲከሽፍም ለምን እንደሚከሽፍ።

በቅድሚያ ሁለት ቃላትን መለየት ይጠቅማል። «ልማድ» ሰው በተወሰነ ጊዜና ቦታ፣ ብዙ ሳያመነታ፣ ደጋግሞ የሚፈጽመው ተግባር ነው፤ «መርህ» ደግሞ ተግባሩ ሲያከራክር ወይም ፈተና ሲገጥመው የሚመለስበት ሐሳብ ነው። የተበደሩትን በቀኑ መመለስ ለአንዱ ነጋዴ ልማድ ነው፤ ገበያ ሲቀዘቅዝ፣ እጅ ሲያጥርና ማመካኛ ሲበዛ ግን ልማዱን የሚያቆመው «የሰው ገንዘብ አደራ ነው» የሚለው መርህ ነው። ስኬት በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሀብት ብቻ ማለት አይደለም፤ በሙያ እየበሰሉ መሄድ፣ ከሙያው ገቢ ቤተሰብን ማስተዳደርና በሰው ዘንድ ታማኝ ሆኖ መገኘት ተደምረው የሚሰጡት ውጤት ነው።

የምክር ጽሑፍ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ» በተባለው መጽሐፋቸው አባት ለልጁ ሊያወርሰው የሚገባውን ምግባር ጽፈዋል፤ ከበደ ሚካኤል «ታላላቅ ሰዎች» በተባለው ሥራቸው የስመ ጥር ሰዎችን ሕይወት ለአርአያነት አቅርበዋል፣ «ጃፓን እንዴት ሠለጠነች» በተባለው ደግሞ ጥያቄውን ከአንድ ሰው ወደ አንድ አገር አሻግረውታል። በቅርቡ ዘመን የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዶክተር ምህረት ደበበ «የተቆለፈበት ቁልፍ» በተባለው ልብ ወለዳቸው፣ ዶክተር ኢዮብ ማሞም ራስን በማሻሻል ላይ በጻፏቸው በርካታ መጻሕፍት ሰፊ አንባቢ አግኝተዋል። በቀድሞውና በዛሬው ምክር መካከል ግን ሊስተዋል የሚገባው ልዩነት አለ። የቀድሞው ምክር የሚናገረው ለልጅ ነው፤ ልጁ አባትና እናት፣ ጎረቤትና የንስሐ አባት እንዳለው፣ ሲያጠፋ የሚቆጣው ሲያለማም የሚመርቀው ሰው በአጠገቡ እንደሚገኝ ታሳቢ ያደርጋል። በስልክ የሚሠራጨው የዛሬው ንግግር ግን በተጨናነቀ ሃይገር አውቶቡስ ውስጥ ማዳመጫ በጆሮው ለሰካ አንድ ብቸኛ ሰው የሚነገር ነው፤ ምክሩ ቢፈጸም የሚያይ፣ ባይፈጸምም የሚጠይቅ የለም። የምክሩ ቃል ብዙም ሳይለወጥ ምክሩን ተሸክሞ የሚያቆመው ማኅበራዊ ምሰሶ ተነሥቷል፤ ሦስቱ ከተሞች የሚያሳዩትም ይህ ምሰሶ በሌለበት ልማድ እንደማይጸና፣ ባለበት ግን ተራ የሚባል ሰው እንኳ ትልቅ ሥራ እንደሚሠራ ነው።

ስለ ልማድ የተደረጉት ምርምሮች በሕዝብ ዘንድ ከሚወራው ይልቅ ጠንቃቆች ናቸው። አሜሪካዊው ፈላስፋና የሥነ ልቡና ሊቅ ዊሊያም ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1890 ባሳተመው መጽሐፍ ለልማድ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥቶ፣ ልማድ የኅብረተሰብ ሚዛን መጠበቂያ መሆኑን አስረድቷል። ልማድ በ21 ቀን ይለወጣል የሚለው ዝነኛ አባባል አሜሪካዊው የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ማክስዌል ማልትስ እ.ኤ.አ. በ1960 ካሳተመው መጽሐፍ ተነቅሎ የተስፋፋ እንጂ በጥናት የተረጋገጠ አይደለም። ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ በለንደን 96 ሰዎችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት አንድ ቀላል ተግባር፣ ለምሳሌ ከምግብ ጋር ፍራፍሬ መብላት፣ ያለ ማመንታት የሚደረግ እስኪሆን የወሰደው ጊዜ በአማካይ 66 ቀን ነበር፤ ልዩነቱም ከ18 እስከ 254 ቀን ይደርሳል። በዚያው ጥናት አንድ ቀን ማቋረጥ ልማዱን እንደማያፈርሰው ታይቷል፤ ይህ ግኝት በሦስተኛው ሳምንት ተሰናክሎ «እኔ አልረባም» ብሎ ለተወው ሰው ከብዙ ሰዓት ስብከት የበለጠ ይጠቅመዋል።

ስለ ሙያ ብቃት ደግሞ ስዊድናዊው አንደርስ ኤሪክሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 በበርሊን የሙዚቃ ተማሪዎች ላይ ያደረጉት ጥናት ይጠቀሳል። ከቫዮሊን ተማሪዎቹ መካከል ምርጥ የተባሉት እስከ 20 ዓመታቸው በአማካይ 10,000 ሰዓት ያህል ብቻቸውን እንደተለማመዱ ጥናቱ ገምቷል፤ ከዚያ ወዲህ «አሥር ሺህ ሰዓት» የስኬት ቀመር ተደርጎ ተወራ። ኤሪክሰን ግን ያተኮረው በሰዓቱ ብዛት ላይ አልነበረም፤ «የታቀደ ልምምድ» ሊባል የሚችለው ሐሳቡ ልምምዱ የተማሪውን ደካማ ጎን ለይቶ ለማረም የተዘጋጀ፣ አዋቂ የሚያየውና የሚያርመው መሆን እንዳለበት ያስገነዝባል። ብሩክ ማክናማራና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2014 የብዙ ጥናቶችን ውጤት አጠቃለው ሲመዝኑ፣ በሰዎች መካከል ከሚታየው የብቃት ልዩነት ልምምድ ሊያስረዳ የቻለው በሙዚቃ 21 በመቶውን፣ በስፖርት 18 በመቶውን፣ በመደበኛ ሙያዎች ደግሞ ከ1 በመቶ ያነሰውን ነው። ይህ ማለት ልምምድ አይጠቅምም ማለት አይደለም፤ የቢሮና የፋብሪካ ሥራ እንደ ቫዮሊን ጥርት ያለ መለኪያና በየዕለቱ የሚያርም መምህር ስለሌለው ዓመታት ቢደራረቡም ብቃት ላይጨምር ይችላል ማለት ነው። የሃያ ዓመት ልምድ አለኝ የሚል ሠራተኛ አንዱን ዓመት ሃያ ጊዜ ደግሞት ሊሆን ይችላል።

ይህን የምርምር ነጥብ ከየትኛውም ሥፍራ ይልቅ ቁልጭ አድርጋ የምታሳየው ሱሉልታ ናት። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ሲሆን፣ በዚህ ከፍታ አየሩ ሳሳ ስለሚል የሯጩ አካል ኦክስጅን የሚያጓጉዙ ቀይ የደም ሕዋሳትን አብዝቶ ለመሥራት ይገደዳል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በባለቤትነት የተሳተፈበት የሯጮች ማረፊያና መለማመጃ ያያ መንደርና ቀነኒሳ በቀለ ያሠራው መሮጫ ትራክ በዚህች ከተማ መገኘታቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። ይሁን እንጂ ከፍታ ያለው አገር ብዙ ነው፤ ሯጭ የሚያፈራው ግን ጥቂቱ ነው። ልዩነቱን የሚያስረዳው የልምምዱ ሥርዓት ነው።

ማለዳ፣ ሜዳው ገና በጤዛ ወይም በውርጭ ነጥቶ ሳለ፣ ሯጮች በአንድ ረድፍ ተከታትለው ሲወጡ ይታያሉ። ከፊት ያለው ፍጥነቱን ይመጥናል፣ ጉድጓድና ድንጋይ ሲያይ በእጁ ምልክት ይሰጣል፤ ከኋላ ያለው ዓይኑን ከፊቱ ባለው ሰው ተረከዝ ላይ ጥሎ፣ እርሱ በረገጠበት እየረገጠ፣ እርምጃውን ከእርምጃው ያስማማል። እግር መከተል የሚባለው ይህ ነው። ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደተሄደ የአሥር ሰው ጫማ እንደ አንድ ሰው ጫማ ይሰማል፤ መሪነቱም በየተራ ይዞራል፣ ምክንያቱም ነፋስን መጋፈጥና ፍጥነትን መጠበቅ የሚያደክም ሸክም ነውና ሁልጊዜ በአንድ ሰው ላይ አይጣልም። በኢትዮጵያ ሯጮች መካከል ኖሮ እየሮጠ ያጠናውና ግኝቱን እ.ኤ.አ. በ2020 በመጽሐፍ ያሳተመው አንትሮፖሎጂስት ማይክል ክሮውሊ እንደዘገበው፣ ሯጮቹ ብቻውን የሚሮጥ ሰው ለጤናው ይሮጣል እንጂ አይለወጥም ብለው ያምናሉ፤ መለወጥ የሚገኘው ከሌላው ጋር በመሮጥ ነው። ሳምንታቸውም የተደለደለ ነው፤ አንድ ቀን በሰንዳፋ አስፋልት፣ አንድ ቀን በእንጦጦ ጫካ፣ አንድ ቀን በኮሮኮንች፣ ዝቅ ባለው በአቃቂ ደግሞ የፍጥነት ልምምድ፣ በመሐልም ቀላል ሩጫና ዕረፍት። ከባዱን ቀን ከባድ፣ ቀላሉን ቀን ቀላል አድርጎ መጠበቅ ራሱ ዲሲፕሊን ነው፤ ጉልበት የተሰማው ወጣት በቀላሉ ቀን ፈጥኖ ሲሮጥ አሠልጣኙም ባልደረቦቹም ይቆጡታል፣ ለነገ የሚያስፈልገውን ዛሬ አባከነ ማለት ነውና። ከሱሉልታ የሚወሰዱት ትምህርቶች ብዙ ቢሆኑም፣ ይህ ዕረፍትን እንደ ሥራ የመቁጠር ልማድ በቢሮና በንግድ ዓለም እጅግ ከተዘነጉት መካከል ነው።

የዚህ ሥርዓት ፍሬ በሁለት ሯጮች ታሪክ በጉልህ ይታያል። ትዕግሥት አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ የሮጠችው 800 ሜትር ነበር፤ በኋላ ግን ርቀቷን ቀይራ እ.ኤ.አ. በ2022 የበርሊንን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ አሸነፈች፣ በዓመቱም በዚያው ከተማ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ሮጣ የዓለምን ክብረ ወሰን በጊዜው ሰበረች። አንድ ሙያ ሳይሰምር ሲቀር ከመሠረቱ ጀምሮ ሌላ ለመማር መድፈር የሚባለው ይህ ነው። ታምራት ቶላ ደግሞ በፓሪሱ የ2024 ኦሊምፒክ ተጠባባቂ ነበር፤ ለውድድሩ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ሲሳይ ለማ በጉዳት ሲወጣ ተተክቶ ገባ፣ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድም በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አሸነፈ። ማራቶን በሁለት ሳምንት ልምምድ አይሸነፍም፤ ታምራት ለወራት የተዘጋጀው ላይሮጠው ለሚችለው ውድድር ነበር። ተጠባባቂ መሆንን እንደ ዋና ሯጭነት ቆጥሮ መዘጋጀት በየመሥሪያ ቤቱ ምክትል፣ ረዳትና ተለማማጅ ለሆነ ሰው ሁሉ የሚሠራ መርህ ነው።

ሆኖም ከአሸናፊዎች ብቻ መማር ሚዛን ያዛባል። በሱሉልታ ሜዳ ማልደው የሚነሡ፣ በሥርዓት የሚበሉና እግር የሚከተሉ እጅግ ብዙ ወጣቶች አሉ፤ ከእነርሱ ውስጥ የውጭ ውድድር የሚያገኙት ጥቂት ናቸው። ተመሳሳይ ልማድ ይዘው ያልተሳካላቸውን ሳይቆጥሩ ልማዱን የስኬት ምክንያት ማድረግ የስኬት ንግግሮች ሁሉ የጋራ ስሕተት ነው። ልማድ በር ድረስ ያደርሳል፤ በሩን የሚከፍቱት ደግሞ ጤና፣ ተሰጥኦ፣ የወኪል ዓይንና ዕድል ናቸው። ስለዚህ ለወጣት ሯጭ ቅን ምክር የሚሰጥ ሰው ትምህርቱን ወይም ሌላ ሙያ ጎን ለጎን እንዲይዝ ሊነግረው ይገባል።

ከሱሉልታ ሜዳ ወደ ሰበታ የሚሻገር ሰው ፍጹም የተለየ የልማድ ትምህርት ቤት ያገኛል። የሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ለብዙ ዐይነ ስውራን ኢትዮጵያውያን የዕውቀት በር ሆኗል። በብሬል የሚጽፍ ተማሪ ወፍራም ወረቀት በስሌት፣ ማለትም ቀዳዳዎች ባሉት ተጣጣፊ ማስመሪያ፣ መካከል ያስይዛል፤ ከዚያም ስታይለስ በተባለው ወስፌ መሳይ መውጊያ ስድስት ነጥቦች ባሉት እያንዳንዱ ቀዳዳ ውስጥ ፊደሉን ይወጋል። የሚጽፈው ከቀኝ ወደ ግራ፣ ፊደሉንም ገልብጦ ነው፤ ምክንያቱም ነጥቡ የሚጎላው በወረቀቱ ጀርባ ስለሆነ፣ ወረቀቱ ሲገለበጥ ከግራ ወደ ቀኝ በጣት ይነበባል። የተሳሳተ ነጥብ በላጲስ አይጠፋም፤ በጥፍር ወይም በስታይለሱ ጀርባ ተዳምጦ መስተካከል አለበት፣ ያም ሆኖ ምልክቱ ለጣት ሊሰማ ይችላል። እንዲህ የሚጽፍ ተማሪ ዐረፍተ ነገሩን በልቡ ሳይጨርስ እጁን አይሰነዝርም፤ ስታይለሱን፣ ወረቀቱንና በትሩን ባስቀመጠበት ካላገኘም ቀኑ ይበላሽበታል። ዐይናማው እንደ ጌጥ የሚያየው ሥርዓታማነት ለእርሱ የነጻነቱ መሠረት ነው፤ ዕቃ በቦታው ሲሆን ሰው መለመን ይቀራል።

ይህ ዕቃን በቦታው የማኖር ጉዳይ በኢንዱስትሪ ዘርፍ የራሱ ስም አለው። ካይዘን በጃፓንኛ ቀጣይነት ያለው መሻሻል ማለት ሲሆን፣ በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2008 በኋላ በጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጥያቄና በጃፓን መንግሥት ድጋፍ በ30 ፋብሪካዎች ተሞክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቁሞለታል። የመጀመሪያው ደረጃ በአማርኛ «አምስቱ ማዎች» ተብሎ የተሰየመው ነው፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ። የትርጉሙን ውበት ማድነቅ ይገባል፤ የጃፓንኛዎቹ አምስት ቃላት በላቲን ሲጻፉ በአንድ ፊደል እንደሚጀምሩ ሁሉ የአማርኛዎቹም በ«ማ» ይጀምራሉ፣ በቃል ለመያዝም ይቀላሉ። በአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ይህ ሲተገበር መጋዙ፣ መዶሻው፣ መሮውና መላጊያው ቅርጻቸው በቀለም በተሣለበት ሰሌዳ ላይ ይሰቀላሉ፤ ማታ ሲዘጋ ባዶ የቀረ ሥዕል ካለ የትኛው መሣሪያ እንደጎደለ ሳይጠየቅ ይታወቃል። መዶሻ ፍለጋ በቀን የሚባክነው ጊዜ ትንሽ ይመስላል፤ በወር ሲደመር ግን አንድ ወንበር የሚሠራበት ነው። ከአምስቱ የሚከብደው አምስተኛው ነው። ማጣራትና ማጽዳት በአንድ ዘመቻ ይፈጸማሉ፤ ማዝለቅ ግን ባለቤቱ ራሱ ዕቃውን ባገኘበት የሚመልስ ካልሆነ አይገኝም፣ ተለማማጅ የሚማረው ከግድግዳ ላይ መፈክር ሳይሆን ከጌታው እጅ ነውና።

ለፋብሪካ ሠራተኛ ግን ሥርዓታማነት ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ማስረጃው ግልጽ ነው። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን በኢትዮጵያ በሚገኙ አምስት ድርጅቶች ለመቀጠር ያመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎችን በዕጣ በሦስት ከፍለው አጥንተዋል፤ ለአንዱ ቡድን የፋብሪካ ሥራ፣ ለሁለተኛው 300 ዶላር ያህል ገንዘብ ከአጭር የንግድ ሥልጠና ጋር ሲሰጥ፣ ሦስተኛው ለማነጻጸሪያ ቀረ። ፋብሪካ ከገቡት ሲሶው በመጀመሪያው ወር፣ 77 በመቶው ደግሞ በዓመቱ ውስጥ ለቀቁ፤ ገቢያቸው ካልተቀጠሩት አልበለጠም፣ የጤና ችግራቸው ግን ጨመረ። ገንዘብና ሥልጠና ያገኙት ገቢ በመጀመሪያው ዓመት በ33 በመቶ ከፍ አለ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ሲታይ ግን በቡድኖቹ መካከል የነበረው ልዩነት ጠፍቶ ነበር። ይህ ጥናት ሁለት የተለመዱ አባባሎችን ያርማል። «ወጣቱ ሥራ አይወድም» የሚለው ክስ ትክክል አይደለም፤ ሠራተኛው የለቀቀው ሒሳቡን ሠርቶ ነው። «የራስህን ሥራ ጀምር» የሚለው መፈክርም ከአንድ ጊዜ ግፊት በኋላ ልማዱን የሚያቆይ ነገር ካልተከተለው ብዙ አያራምድም።

የሰበታ ሠራተኛ ሌላም እውነት ያውቃል፤ ድርጅት እጅ ይለውጣል። የመንግሥት የነበረው የሰበታው ሜታ አቦ ቢራ እ.ኤ.አ. በ2012 ዲያጆ ለተባለው የብሪታንያ ኩባንያ በ225 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ወደ ቢጂአይ ተሻገረ። ባለቤት ሲቀየር አሠራርም አለቃም ይቀየራል፤ ሙያው በአለቃው ትውስታ ብቻ የተመዘገበ ሠራተኛም ያን ጊዜ እንደ አዲስ ገቢ ይቆጠራል። ስለዚህ የሙያ ብቃት ምዘና፣ በተለምዶ «ሲኦሲ» የሚባለውን፣ ወስዶ ምስክር ወረቀት መያዝ፣ የሠሩበትን የሥራ ልምድ ደብዳቤ በወቅቱ ማጻፍ፣ የሰለጠኑበትን ማስረጃ በአንድ ክላሰር ማኖር እንደ ትንሽ ነገር የሚታዩ ነገር ግን ትልቅ ዋጋ ያላቸው ልማዶች ናቸው።

የዚህን ነጥብ ክብደት ከአዲስ አበባ የተገኘ ጥናት ያረጋግጣል፤ ጉዳዩም በቀጥታ ወደ ቡራዩ ያደርሳል። የቡራዩ ነዋሪ ችግር ርቀት ነው። ከአስኮና ከዊንጌት አልፎ መሐል ከተማ ለመድረስ የሚጠፋው ሰዓትና የታክሲ ሒሳብ ሥራ ላለው ሰው ሸክም፣ ሥራ ለሚፈልግ ደግሞ ግንብ ይሆናል፤ አራት ኪሎ ሄዶ ጋዜጣ ተከራይቶ ማስታወቂያ ማገላበጥ እንኳ ገንዘብ ይጠይቃል። ግሩም አበበ፣ ስቴፋኖ ካሪያ፣ ሳይመን ፍራንክሊንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2014 ከ3,000 በላይ የአዲስ አበባ ወጣቶችን ያካተተ ጥናት ጀምረው፣ ለአንዱ ቡድን የትራንስፖርት ድጎማ፣ ለሌላው ደግሞ ክህሎትን በፈተና አስመዝኖ ምስክር ወረቀት የሚሰጥና የሥራ ማመልከቻና ቃለ መጠይቅ የሚያስተምር አጭር ሥልጠና ሰጡ። ሁለቱም በጊዜው የተሻለ ሥራ ለማግኘት ረዱ፤ ከአራት ዓመት በኋላ ግን የትራንስፖርቱ ውጤት ደብዝዞ፣ ሥልጠናውን የወሰዱት ገቢ 20 በመቶ ገደማ ከፍ ብሎ ተገኘ። ችሎታን መያዝ አንድ ነገር ነው፤ ችሎታው ለማያውቅ ሰው እንዲታይ ማድረግ ሌላ ነገር ነው፤ ትሑት ሆኖ ማደግ በሚመሰገንበት አገር ይህ ሁለተኛው ልማድ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

ስለ ቁጠባ ሲነሣ የቡራዩም ሆነ የሌላው ከተማ ነዋሪ ከየትኛውም መጽሐፍ በፊት የሚያውቀው እቁብ አለ። አባላት በየሳምንቱ ወይም በየወሩ እኩል ይጥላሉ፣ በዕጣ የደረሰው ጠቅላላውን ይወስዳል፣ ዳኛና ጸሐፊ ይመረጣሉ፣ ዕጣ የደረሰው ሰውም ዋስ ሳይጠራ ገንዘቡን አይረከብም። በምጣኔ ሀብት ዓይን ቀድሞ የወጣለት ያለ ወለድ የተበደረ፣ መጨረሻ የደረሰው ደግሞ ያለ ወለድ ያበደረ ነው፤ የዋጋ ንረት ባለበት ጊዜም የመጨረሻው ሰው ይጎዳል። ታዲያ ሒሳብ የሚያውቁ ነጋዴዎች ጭምር ለምን ይገቡበታል? ምክንያቱ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ገንዘብ ሺህ ጠያቂ ስላለው ነው፤ የታመመ ዘመድ፣ ሠርግ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ አልፎም የራስ አምሮት። «የእቁብ ነው» የተባለ ብር ግን ዘመድም አይጠይቀውም፣ ባለቤቱም አይነካውም። እቁብ የፈቃደኝነትን ድካም በሰው ፊት በሚገቡት ቃል ይተካዋል።

ይህ ራስን ስለ መግዛት በዓለም ካለው ክርክር ጋር ይያያዛል። ዋልተር ሚሸል ለሕፃናት አንድ ጣፋጭ አቅርቦ፣ ቢታገሡ ሁለት እንደሚያገኙ እየነገረ ያደረጋቸው ሙከራዎች ራስን መግዛት የወደፊት ስኬት ምልክት ነው የሚለውን ሐሳብ አስፋፍተዋል፤ ታይለር ዋትስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2018 በሰፊ ናሙና ሲመረምሩት ግን የልጆቹ የቤተሰብ ሁኔታ ከግምት ሲገባ ግንኙነቱ በእጅጉ ደከመ። ነገ ይኑር አይኑር የማያውቅ ልጅ ዛሬ የቀረበለትን መብላቱ ሞኝነት አይደለም። ለድሃ ሰው «ራስህን ግዛ» ከማለት «እቁብ ግባ» ማለት የሚሻለው፣ ሁለተኛው ነገን ዛሬ ለመያዝ የሚያስችል እጀታ ስለሚሰጠው ነው። በቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር አባል መሆንም እቁብ የማይሰጠውን፣ ማለትም በተቆጠበው ልክ መበደርን፣ ስለሚጨምር ሁለቱን አጣምሮ መያዝ የተሻለ ነው።

ከቁጠባ ሌላ ለእነዚህ ከተሞች ወጣት የሚጠቅም ልማድ አለና፣ ስለ ቋንቋም በአጭሩ መናገር ያስፈልጋል። በሸገር ከተማ የመንግሥት ጽሕፈት ቤቶች የሚሠሩት በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ፊደል ነው፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ተሻግሮ ያለው የአዲስ አበባ ቢሮና ገበያ ደግሞ በአብዛኛው በአማርኛ ይሠራል። ሁለቱን ቋንቋዎች አንብቦ የሚጽፍ ሰው ባለ ሁለት ክንፍ ነው፤ ከሁለቱ በሚደክሙበት ቋንቋ በቀን አንድ ገጽ ማንበብም በእነዚህ ከተሞች ለሚኖር ወጣት ከብዙ የስኬት መጻሕፍት የበለጠ ፍሬ ያለው ልማድ ነው።

ልማድ ለመጀመር በቅድሚያ የተሻለ ነገን መመኘት ያስፈልጋልና፣ የምኞት ጉዳይም መታየት አለበት። ታንጊ በርናርድ፣ ስቴፋን ዴርኮን፣ ኬት ኦርኪንና አለማየሁ ስዩም ታፈሰ እ.ኤ.አ. በ2010 በሐረርጌ በዶባ ወረዳ ለገበሬዎች እንደ እነርሱ ካለ ኑሮ ተነሥተው ስለተለወጡ ሰዎች የተሠሩ አጫጭር ዘጋቢ ፊልሞችን አሳዩ። ከስድስት ወር በኋላ ፊልሙን ያዩት ቁጠባቸውና ለልጆቻቸው ትምህርት የሚያደርጉት ጥረት ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ውጤቱም ከአምስት ዓመት በኋላ አልጠፋም። እዚህ ላይ ወሳኙ ነጥብ አርአያዎቹ እነማን እንደነበሩ ነው። ሩቅ አገር ያለ ቢሊየነር ያስደንቃል እንጂ መንገድ አያሳይም፤ በዚያው ቋንቋ የሚናገር፣ በዚያው ዝናብና በዚያው ገበያ የኖረ ሰው ግን ሊደረስበት የሚችል ይመስላል፣ ይደረስበታልም። የሱሉልታ ወጣት ሯጭ ከፊቱ የሚያየው ተረከዝ የዓለም ሻምፒዮን ሊሆን ይችላል፤ ይህ ቅርበት በገንዘብ የሚገዛ አይደለም።

እንግዲህ ስለ ልማድ የሚጠየቀው ጥያቄ ከሰውየው ጽናት ወደ ልማዱ መቆሚያ ሲዞር፣ ተጠያቂው ሰውየው ብቻ አይሆንም። ቀጣሪ ድርጅት ሠራተኛው በሙያው የሚያድግበትን ደረጃ አስቀምጧል ወይ? የሙያ ምዘናው ለቡራዩ ወጣት በእግር በሚደረስበት ቦታ ይሰጣል ወይ? የሠፈር ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛው ከፈረቃ ሲወጣ ክፍት ነው ወይ? ከሁሉም በላይ በዓይን የሚታየው ግን የሱሉልታ ሜዳ ነው። ሣሩ በአጥር እየተከለለ፣ አጥሩ በግንብ እየተተካ ሲሄድ የማለዳው ረድፍ ወደ አስፋልቱ ዳር ይገፋል፤ በአስፋልት ዳር፣ በጎጃም ከባድ መኪናዎች አጠገብ፣ አሥር ሰው በአንድ ረድፍ እግር ሊከታተል አይችልም፤ ሁለት ሁለት እየሆነ ይበተናል፣ ከዚያም አንዱ ብቻውን ይሮጣል።